ከድንበሩ የሚሰፋ ቋንቋ፦ የሃንጋሪኛ ቴሌቪዥን ታሪክ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሴ በሃንጋሪኛ የሚተላለፈው ቴሌቪዥን ነው። የማወራው ስለ አንድ የመንግሥት ጣቢያ ብቻ አይደለም። ሃንጋሪኛ ከሃንጋሪ ይሰፋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920፣ በትሪያኖን ውል አገሪቱ ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሃንጋሪኛ ተናጋሪዎች ከቤታቸው ሳይነሱ የሮማንያ፣ የቼኮዝሎቫኪያና የዩጎዝላቪያ ዜጎች ሆነው ተገኙ። ድንበሩ ተንቀሳቀሰ፣ ሰዉ ግን እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ከመጀመሪያው ሁለት ባለቤት ነበረው። አንዱ ጣቢያውን የያዘው መንግሥት ነው። ሌላው በየትኛውም አገር ይኑር ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ነው። እኔ የማምነው የሃንጋሪኛ ቴሌቪዥን ትልልቅ ሥራዎቹን የሠራው ሁለተኛውን ባለቤቱን ባሰበ ጊዜ ነው ብዬ ነው። አመኔታ ያጣውም እሱን በረሳ ጊዜ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በታሪኩ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃንጋሪዎች ለዚህ ሙያ አዲስ አልነበሩም። ገና ሬዲዮ ሳይኖር ቡዳፔስት ውስጥ ዜና በስልክ ሽቦ ይሰማ ነበር። ቲቫዳር ፑሽካሽ የሚባል የፈጠራ ሰው በፌብሩዋሪ 1893 አገልግሎቱን ጀመረ። ደንበኛው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ በተያዘለት ፕሮግራም ዜና፣ የአክሲዮን ገበያ ዋጋና የውጭ ቋንቋ ትምህርት ይሰማል። ማታ ደግሞ ኦፔራ። ፑሽካሽ ሥራው ሲያድግ አላየም፤ በተጀመረ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞተ። አገልግሎቱ ግን ከእሱ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ምስል በአየር ላይ በመላክ ሥራም ሃንጋሪዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነበሩ። ዴኔሽ ሚሃይ የሚባለው መሐንዲስ በ1928 በርሊን ውስጥ በተደረገ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ መሣሪያውን ለሕዝብ አሳየ። ካልማን ቲሃኒ ደግሞ በ1926 ለካሜራ ቱቦ የሚሆን አዲስ ሐሳብ ለፓተንት አስገባ። በዚያ ዘመን የነበሩት ካሜራዎች ያገኙትን ብርሃን አብዛኛውን ያባክኑት ነበር። የቲሃኒ ሐሳብ ብርሃኑ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ በቱቦው ውስጥ ማጠራቀም ነው። ምስሉ እስኪነበብ ድረስ ቻርጁ ይከማቻል፤ ምስሉም በጣም ይጎላል። የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ፓተንቶቹን ገዛ። ዩኔስኮም የ1926ቱን ማመልከቻ በ2001 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዘገበው።

የሚያሳዝነው ግን እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን በርሊንና ለንደን ሄደው መሥራታቸው ነው። ቲሃኒ በ1947 ሲሞት አገሩ ውስጥ ቴሌቪዥን አልነበረም።

አሁን ወደ 1956 ልውሰዳችሁ፤ ቴሌቪዥኑ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት ወደሆነው ነገር። ኦክቶበር 23 ቀን ተማሪዎች ወደ ቡዳፔስት ሬዲዮ ጣቢያ ሄዱ። እጃቸው ላይ ጥያቄዎቻቸው የተጻፉበት ወረቀት ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ይህን በአየር ላይ አንብቡልን» ነው ያሉት። ጣቢያው እምቢ አለ። ሕዝቡ እየበዛ መጣ። ማታ ተኩስ ተከፈተ። የሃንጋሪ አብዮት የመጀመሪያ ደም ከፈሰሰባቸው ቦታዎች አንዱ የጣቢያ በር ነበር። ይህን በር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ሌሎች ሰዎችም ወረቀት ይዘው በጣቢያ በር ላይ ይቆማሉ።

ከሳምንት በኋላ ኦክቶበር 30 ሬዲዮው ራሱ ተናዘዘ። «በሌሊት ዋሸን፣ በቀን ዋሸን፣ በሁሉም የሞገድ ርዝመት ዋሸን» ብሎ ለአድማጩ ተናገረ። አንድ የመንግሥት ሚዲያ እንዲህ ያለ ነገር ስለራሱ ሲናገር በሌላ አገር ሰምቼ አላውቅም። ኑዛዜው ግን ዕድሜ አላገኘም። ኖቬምበር 4 የሶቪየት ታንኮች ከተማዋን ያዙ።

የሃንጋሪ ቴሌቪዥን ልደት ተብሎ የሚከበረው ሜይ 1 ቀን 1957 ነው። ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ሶቪየቶች ሥልጣን ላይ ያስቀመጡት ያኖሽ ካዳር በጀግኖች አደባባይ ትልቅ የሠራተኞች ሰልፍ አስጠርቷል። የቴሌቪዥን ካሜራዎች ሰልፉን በቀጥታ አስተላለፉ። ከዚያ በፊት የሙከራ ስርጭቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሰው መነሻ ግን ይህን ነው። ጣቢያው እንግዲህ የተወለደው ሕዝቡ ከመንግሥቱ ጎን ቆሟል ብሎ ለማሳየት ነው። ይህ ሸክም ለረጅም ጊዜ አብሮት ኖረ።

ቤት የተሰጠው በነጻነት አደባባይ ነው። ሕንፃው የድሮው የአክሲዮን ገበያ ቤተ መንግሥት ነበር። ኮሚኒስቶቹ ገበያውን ዘግተውታል፤ ነጋዴዎች ይጯጯሁባቸው የነበሩ ትልልቅ አዳራሾች ስቱዲዮ ሆኑ። ቴሌቪዥኖቹን ኦሪዮንና ቪዲዮቶን የሚባሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር። ሰኞ ሰኞ ስርጭት የለም። ይህ ልማድ እስከ 1989 ድረስ ቆየ። ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሃንጋሪያዊ ስታገኙ ስለ ሰኞ ጠይቁት፤ ብዙ ያወራችኋል።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ፖለቲካው ተዘግቶ ሳለ ጣቢያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ለተመልካቹ ፍቅር ያለው ሥራ መሥራት ጀመሩ። ዮዤፍ ኦቬጌሽ የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ የካቶሊኩ ፒያሪስት ማኅበር ካህን። በኮሚኒስት መንግሥት ጣቢያ ላይ ካህን ቆሞ ፊዚክስ ያስተምራል። መሣሪያቸው ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ብርጭቆ፣ ሻማ፣ ጠርሙስ። በእነዚህ የአየር ግፊትንና ሚዛንን ያሳዩ ነበር። ተመልካቹ ቤቱ ሆኖ መልሶ ሊሞክረው ይችላል። በ1964 «ዴልታ» የተባለ የሳይንስ መጽሔት ፕሮግራም መጣ። በ1962 የተጀመረው «ማን ምን ያውቃል?» የተሰጥኦ ውድድር ደግሞ የገጠርና የከተማ ወጣቶችን ወደ መድረክ አወጣ። በኋላ ዝነኛ የሆኑ ብዙ ተዋንያንና ዘፋኞች መጀመሪያ የታዩት እዚያ ነው። ለሕፃናት ደግሞ ማታ ማታ አንዲት የአሻንጉሊት ድብ ነበረች። ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ተረቱን አብራ ታያለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ልጆቹም እንደሷ ያደርጋሉ።

ዳቢንጉ ላይ፣ ማለትም የውጭ ፊልምን ንግግር በአገር ቋንቋ መተካቱ ላይ፣ ትንሽ ልቆይ። ሃንጋሪኛ ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የለውም። የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪ የጎረቤቱን ፊልም በከፊል ሊረዳ ይችላል፤ ሃንጋሪያዊ አይችልም። ስለዚህ የውጭ ፊልም ሁሉ በሃንጋሪኛ ድምፅ ተተካ። ድምፁን የሚሰጡት የቴአትር ቤት ታላላቅ ተዋንያን ነበሩ። «ፍሊንትስቶንስ» የተባለውን የአሜሪካ ካርቱን ወደ ሃንጋሪኛ የመለሰው ገጣሚው ዮዤፍ ሮምሃኒ ነው። ንግግሩን ሁሉ ቤት መታው። ገጸ ባሕርያቱ ሲጣሉም ሲቀልዱም በግጥም ነው። የዋናዎቹን ሁለት ጓደኛሞች ድምፅ ላስሎ ቻካኒና ላስሎ ማርኩሽ ሰጡ። ብዙ ሃንጋሪዎች ዛሬም የእኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላሉ፤ አባባሎቹም የዕለት ንግግር ውስጥ ገብተዋል። አንድ ትንሽ ቋንቋ የመጣለትን ነገር ተቀብሎ የራሱ ሲያደርገው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዋጋ አላስከፈለም ማለት አይደለም። ሕዝቡ የውጭ ቋንቋ ሳይሰማ አደገ። በአውሮፓ ኅብረት ጥናቶች ሃንጋሪ በውጭ ቋንቋ ችሎታ ከመጨረሻዎቹ ተርታ መገኘቷን አንዳንዶች ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። እኔ ግን ያንን ዳቢንግ አልወቅስም። ቋንቋው እንዲጫወት ቦታ ሰጥቶታል።

እስካሁን ቡዳፔስት ነበርን። አሁን ድንበሩን እንሻገር።

በሮማንያ፣ በተለይ በትራንሲልቫኒያ፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሃንጋሪኛ ተናጋሪዎች ይኖሩ ነበር። በኖቬምበር 1969 የቡካሬስት ቴሌቪዥን የሃንጋሪኛ ፕሮግራም ጀመረላቸው። በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ነገር ግን የራሳቸውን ዘፈን፣ የራሳቸውን መንደር፣ የራሳቸውን ሰው በመስኮቱ አዩ። በ1985 መጀመሪያ ላይ የሮማንያው ኮሚኒስት መሪ የቻውሼስኩ መንግሥት ዘጋው። የሮማንያኛው ስርጭትም ቢሆን በዚያው ጊዜ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ፤ ከዚያ ላይ ብዙው ስለ መሪው ነበር።

ሰዉ ምን አደረገ? አንቴናውን አዞረ። በምዕራብ ሮማንያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ጣሪያቸው ላይ ወጥተው የቡዳፔስትን ሞገድ ፈለጉ። ሃንጋሪዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ሮማንያውያንም ያዩ ነበር። እንደየአካባቢው የቤልግሬድንም የሶፊያንም ጣቢያ የሚከታተሉ ነበሩ። ፊልም ለማየትና እግር ኳስ ለማየት ተብሎ የተተከለ አንቴና ዜናም ያመጣል።

በዚያው በምዕራብ ሮማንያ፣ ቲሚሽዋራ ከተማ ውስጥ ላስሎ ቶኬሽ የሚባል የሃንጋሪ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበር። መንግሥቱ የገጠር መንደሮችን ለማፍረስ ያወጣውን ዕቅድ በግልጽ ይቃወማል። በማርች 1989 ከካናዳ የመጡ ጋዜጠኞች በድብቅ ቃለ መጠይቅ አደረጉለት። ቅጂው ከአገር ወጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ የሃንጋሪ ቴሌቪዥን «ፓኖራማ» በተባለው ፕሮግራሙ አስተላለፈው። በቲሚሽዋራና በአካባቢዋ አንቴናቸውን ያዞሩ ሰዎች የገዛ ከተማቸው ፓስተር ማንም በአደባባይ የማይደፍረውን ሲናገር አዩ። በዲሴምበር አጋማሽ ባለሥልጣናቱ ከቤቱ ሊያስወጡት ሲመጡ ምእመናኑ ቤቱን ከበቡ። ሮማንያውያን ጎረቤቶቻቸው ተጨመሩ። ተቃውሞው ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ አገሩ ተዛመተ። ዲሴምበር 22 ቻውሼስኩ ከቡካሬስት ሸሸ። አንድ ፕሮግራም አብዮት አስነሳ ልል አልፈልግም። ረሃቡ፣ ብርዱና ፍርሃቱ ለዓመታት የተጠራቀመ ነበር። ቢሆንም ያ ስርጭት ድርሻ ነበረው። የሃንጋሪኛው ፕሮግራምም ያኔውኑ በዲሴምበር ወደ ቡካሬስት ቴሌቪዥን ተመለሰ።

በዩጎዝላቪያ ታሪኩ ሌላ ነው። የኖቪ ሳድ ቴሌቪዥን በኖቬምበር 1975 ሥራ ሲጀምር በሰርብኛና በሃንጋሪኛ ነበር፤ በኋላ የሌሎች ሕዝቦችም ቋንቋ ገባ። ከሃንጋሪ ውጭ በሃንጋሪኛ በየቀኑ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጣቢያ ማግኘት ይከብድ ነበር። በ1999 የኔቶ አውሮፕላኖች ሕንፃውን በቦምብ መቱት።

ወደ 1989 ቡዳፔስት እንመለስ። ጁን 16 ቀን የ1956ቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምሬ ናጅ በክብር ድጋሚ ተቀበሩ። ከተሰቀሉ 31 ዓመት ሆኗቸዋል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን በቀጥታ አስተላለፈ። ቦታው ያው የጀግኖች አደባባይ ነው። በ1957 የካዳርን ሰልፍ ያስተላለፈው ጣቢያ አሁን ካዳር ያስገደላቸውን ሰው ቀብር አሳየ። በዚያ ቀን ንግግር ካደረጉት አንዱ ጺሙን ያልተላጨ ወጣት ነበር፤ ቪክቶር ኦርባን ይባላል። የሶቪየት ጦር ይውጣ አለ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አወቀው።

ዴሞክራሲ ሲመጣ ጠቡ ተጀመረ። ሃንጋሪዎች «የሚዲያ ጦርነት» ይሉታል። በ1990 ሶሲዮሎጂስቱ ኤለሜር ሃንኪሽ የቴሌቪዥኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጣቢያውን ለየትኛውም ፓርቲ ላለመስጠት ሞከረ። የጠቅላይ ሚኒስትር ዮዤፍ አንታል መንግሥት ሊያነሳው ፈለገ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አርፓድ ጎንትስ አልፈርምም አሉ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ሃንኪሽ በ1993 መጀመሪያ ላይ ራሱ ለቀቀ። የሚዲያ ሕጉ የወጣው በ1996 ነው። እስከዚያ ድረስ ለአዲስ አገር አቀፍ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ አይሰጥም ነበር። እኔ ያ ጊዜ ባክኗል ባይ ነኝ። ሁሉም ወገን ጣቢያውን ለራሱ ለማድረግ ሲታገል፣ ከማንኛቸውም ነጻ የሚያደርገውን ሥርዓት የሠራለት አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሐል ግን አንድ ጥሩ ነገር ተወለደ። ዲሴምበር 24 ቀን 1992፣ በገና ዋዜማ፣ ዱና ቴሌቪዥን በሳተላይት ሥራ ጀመረ። ዱና የዳኑብ ወንዝ ነው። ዓላማው ከድንበር ውጭ ላሉት ሃንጋሪዎች መድረስ ነበር። ትራንሲልቫኒያ ውስጥ ዲሽ የገዛ ቤተሰብ ከእንግዲህ ደካማ ሞገድ ፍለጋ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። በስደት አገር ሆኖ የአማርኛ ቴሌቪዥን በሳተላይት የተከታተለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎቹ አንዱ የፊልም ሰው ሻንዶር ሻራ ነበር። ጣቢያው ዘጋቢ ፊልምና ባሕል ላይ አተኮረ። በ1999 በባሕል ሥራው ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ።

የንግዱ ቴሌቪዥን በኦክቶበር 1997 መጣ። ቲቪ2 በ4ኛው ቀን፣ አርቲኤል ክለብ በ7ኛው ቀን። የመንግሥቱ ጣቢያ ተመልካች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሸሸ። አርቲኤል በ1998 የጀመረው የዕለት ድራማ እስከ 2021 ቀጥሎ ከ10,000 ክፍል በላይ ሆነ። ሰዉ ወዶታል። ስለዚህ ዘመን ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለኝም።

አሁን በሩን አስታውሱልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። በሴፕቴምበር 2006 ጠቅላይ ሚኒስትር ፈረንትስ ጁርቻኒ በዝግ ስብሰባ ላይ ለሕዝቡ መዋሸታቸውን ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ ወጣ። በማግስቱ ማታ ሰልፈኞች ወደ ነጻነት አደባባይ ሄዱ። ጥያቄያቸው የተጻፈበትን ወረቀት ጣቢያው በአየር ላይ እንዲያነብላቸው ፈለጉ። አልተነበበም። ግጭት ተነሳ፣ መኪኖች ነደዱ፣ ሕዝቡ ሕንፃው ውስጥ ገባ፣ ስርጭቱ ተቋረጠ። ድርጊቱን አልደግፍም። ጥያቄው ግን የ1956ቱ ራሱ ነው። ጣቢያው በ2009 ያንን ሕንፃ ለቆ ኦቡዳ በተባለው የቡዳፔስት ክፍል ወዳለው አዲስ ግቢ ሄደ።

በ2010 ኦርባን በትልቅ የፓርላማ ብልጫ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተመለሰ። አዲስ የሚዲያ ሕግ ወጣ። የመንግሥት ቴሌቪዥኖች፣ ሬዲዮና የዜና ወኪል በአንድ ተቋም ሥር ተጠቃለሉ። ብዙ መቶ ሠራተኞች ተባረሩ። ከድንበር ውጭ ላሉት ሃንጋሪዎች የተፈጠረው ዱናም በዚያው ገባ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በ2014 መንግሥት በማስታወቂያ ገቢ ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ሸክሙ በዋናነት የወደቀው አርቲኤል ላይ ነው። አርቲኤል ማታ የሚያቀርበውን ዜና አጠነከረና ስለ ሙስና መዘገብ ጀመረ። በ2018 ደግሞ ከ400 በላይ የግል ሚዲያዎች በባለቤቶቻቸው «ስጦታ» ለመንግሥት ቅርብ በሆነ አንድ ፋውንዴሽን ሥር ገቡ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር የተቃዋሚ የፓርላማ አባላት ወደ ኦቡዳው ግቢ ገቡ። አምስት ነጥብ የያዘ ወረቀት ነበራቸው። አንብቡልን አሉ። ሌሊቱን እዚያው አደሩ። አልተነበበላቸውም፤ አንዳንዶቹን ጥበቃዎች እየጎተቱ አስወጧቸው። በ2022 ምርጫ ደግሞ ተቃዋሚዎች በጋራ ያቀረቡት ዕጩ ፔተር ማርኪዛይ በምርጫ ዘመቻው በሙሉ ከመንግሥት ቴሌቪዥን ያገኘው ጊዜ 5 ደቂቃ ነበር። ሕጉ ያንን ያህል ስለሚያስገድድ ነው።

ታዲያ የሃንጋሪኛ ቴሌቪዥን አበቃለት? እኔ እንደዚያ አላይም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2024 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ካታሊን ኖቫክ በአንድ የምሕረት ውሳኔ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ። በማግስቱ ብዙ ሰው የማያውቀው ፔተር ማጃር ቀርቦ የገዢውን ክበብ አሠራር ከውስጥ እንደሚያውቀው ተናገረ። የተናገረው «ፓርቲዛን» በተባለ የዩቲዩብ ጣቢያ ላይ ነው። ጣቢያው በአብዛኛው የሚኖረው ከተመልካች በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። አገሪቱ 9.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። ቃለ መጠይቁ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ከአራት ወር በኋላ የማጃር ፓርቲ በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 30 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ።

ይህን ስል ዩቲዩብ ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። በሃንጋሪ ገጠር ኢንተርኔት የማይከፍቱ፣ የሚያዩት የመንግሥትን ጣቢያ ብቻ የሆነ ብዙ አዛውንቶች አሉ። ቡዳፔስት ያለ ወጣትና መንደር ያሉት አያቱ በአንድ ቋንቋ የሚሰሙት ስለ ሁለት የተለያዩ አገሮች ነው። ትራንሲልቫኒያ ላለው ሃንጋሪያዊም ቢሆን ከዱና የሚደርሰው ዜና የሚዘጋጀው በዚያው ኦቡዳ ግቢ ውስጥ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሕዝብ ቴሌቪዥኑ መስተካከል አለበት፤ ሌላ መተኪያ የላቸውም።

እኔ በዚህ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።